ድንጋዩ ሲደክም

አማርኛችን «ባትሪ» የሚለውን ስም ለእጅ መብራቱ ሰጠና ለዋናው ባትሪ «ድንጋይ» የሚል ስም አወጣለት። ባትሪው በድንጋይ ይሠራል፤ ሬዲዮውም በድንጋይ። ኃይሉ ሲቀንስ ደግሞ እንደ ሰው «ድንጋዩ ደከመ» እንላለን። ከስልክ ጋር ያደጋችሁ ይሄን ስትሰሙ ሳትስቁ አትቀሩም። የሬዲዮ ታሪካችን ሲወራ ሁሌም የሚነሱት ጣቢያዎቹ፣ ጋዜጠኞቹና መንግሥታቱ ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ ድንጋዩ ነው። መብራት ባልደረሰበት አገር ማን ምን እንደሚሰማ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚሰማ የሚወስነው እሱ ነበራ!

ድሮ ሬዲዮ የሚሠራው በመስታወት ቱቦ ነበር። ቱቦው ሥራ እንዲጀምር እንደ አምፖል ውስጡ መጋል አለበት። ስለዚህ ከቤት ይዘውት የሚወጡት ሬዲዮ ሁለት ዓይነት ባትሪ ይጠይቅ ነበር፤ አንዱ ቱቦውን የሚያግል፣ ሌላው 67.5 ወይም 90 ቮልት የሚሰጥ። ይሄ የድሃ ዕቃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ተፈለሰፈ። ትራንዚስተር መጋል አያስፈልገውም። በ1954 ለገበያ የቀረበችው የመጀመሪያዋ የትራንዚስተር ሬዲዮ፣ ሪጀንሲ ቲአር-1፣ በአንዲት 22.5 ቮልት ባትሪ ትሠራ ነበር፤ ዋጋዋም 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ከዚያ ጃፓኖች ገቡበትና ዋጋው እየወረደ መጣ።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ጊዜው ይገጣጠማል። ብሥራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ ሥርጭት የጀመረው በ1955 ዓ.ም. ነው። የጀርመን ድምፅ አማርኛ በ1957፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ በ1975 ዓ.ም. ተከተሉ። ድምፁ በአየር ላይ ነበር፤ መስማት የሚችለው ግን ድንጋይ የገዛ ነው።

ያ ድንጋይ ምንድን ነው? ሥሩ ፈረንሳዊው ጆርጅ ሌክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 የሠራው ፈሳሽ ያለበት ባትሪ ነው። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በ1886 ፈሳሹን ወደ ሊጥነት ለውጦ «ደረቅ» አደረገው። እንደኔ ልጅ ሆናችሁ ያለቀ ድንጋይ ፈልጣችሁ ከሆነ ውስጡን ታውቁታላችሁ፤ መሀሉ ላይ የካርቦን ዘንግ፣ ዙሪያውን ማንጋኒዝ ያለበት ጥቁር ዱቄት፣ ውጪውን የዚንክ ቆርቆሮ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ያንን ዱቄት በጥብጠን ሰሌዳ እንቀባበት ነበር።

ዋናው ነገር ቆርቆሮው ዕቃ ብቻ አለመሆኑ ነው። የሚበላው፣ ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው ራሱ ዚንኩ ነው። ሬዲዮው በዘፈነ ቁጥር የድንጋዩ ግድግዳ ይሳሳል። ለዚህ ነው ያለቀ ድንጋይ ሬዲዮ ውስጥ ሲረሳ የሚያለቅሰው፤ እንባው ሽቦውን በልቶ ሬዲዮውን ይዞ ይሄዳል።

ፀሐይ ላይ የማስጣቱ ነገርስ? ብዙዎች እንደ ኋላ ቀር እምነት ያዩታል። አይደለም! ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ እንቅስቃሴ ያፈጥነዋል። እረፍቱ ራሱም ይጠቅመዋል፤ ጥቁሩ ዱቄት ሥራውን ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ከጥቂት ሰዓት እረፍት በኋላ ድንጋዩ ትንሽ ያገግማል። አዲስ ኃይል ግን አልተፈጠረም፤ የተረፈችው ናት ተጠርጋ የወጣችው። ለምሽት ዜና ግን ትበቃለች።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ካናዳዊው ሉዊስ ዩሪ ዛሬ የምናውቀውን አልካላይን ባትሪ ሠራ። ዚንኩ በዱቄት መልክ ወደ ውስጥ ገባ፣ ውጪውም ብረት ሆነ። የበለጠ ኃይል ይይዛል፤ ቶሎም አይደክምም። ታዲያ የገጠሩ ሰው ርካሹን ድንጋይ መግዛቱ አለማወቅ ነበር? እስቲ እናስላው። አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ድምጿ ዝቅ ሲል የምትወስደው 25 ሚሊ አምፔር አካባቢ ነው እንበል። ትልቁ የዚንክ ካርቦን ድንጋይ እንዲህ ላለ ቀላል ሥራ 6,000 ሚሊ አምፔር-ሰዓት ገደማ ቢሰጥ 240 ሰዓት ያሰማል፤ በቀን ሁለት ሰዓት ለሚሰማ ሰው አራት ወር ማለት ነው። አልካላይኑ እጥፉን ወይም ከዚያ በላይ ይሰጣል። ዋጋው ሦስት ወይም አራት እጥፍ ከሆነ ግን ለሬዲዮ ርካሹ ያዋጣል። ለካሜራና ለመጫወቻ መኪና፣ ብዙ ኃይል በአንዴ ለሚጠጣ ዕቃ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ርካሹ ድንጋይ ወዲያው ይወድቃል። ሬዲዮ ግን የሚጠጣው በስኒ ነው።

አባቶቻችን ይሄን በቁጥር ባይጽፉትም በኑሯቸው ያውቁት ነበር። «ዜናው ካለቀ ዝጋው!» የሚለው ትዕዛዝ የኃይል ቁጠባ ፖሊሲ ነበር። ዘፈን ለበዓል፣ ዜና ለየቀኑ። ድምፅ በጨመረ ቁጥር ድንጋይ ቶሎ እንደሚያልቅም ያውቃሉ። በደርግ ጊዜ የውጭ ጣቢያና የአማፅያኑን ሬዲዮ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው በሹክሹክታ የሚሰሙ ነበሩ። ፍርሃትም ቁጠባም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ድምፁን ቀንስ! ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣት በሬዲዮ ሲነገር፣ መብራት በሌለበት መንደር ወሬውን ቀድሞ ያወቀው ያልደከመ ድንጋይ ያለው ነው።

«ይሄ ሁሉ አልፏል፣ አሁን ስልክ አለ» ትሉኝ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ ስልካችሁ ምን አሰማችሁ? አጭር ሞገድ ኢንተርኔት አይፈልግም። የሚፈልገው ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ሬዲዮ ስትገዙ መጀመሪያ የጀርባውን ክዳን ክፈቱ። ባትሪው ውስጡ የታሸገና በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ መብራት በጠፋ ሳምንት ከስልካችሁ አይሻልም። ከየሱቁ የሚገዛ ድንጋይ የሚቀበል ይሁን። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለምትሰሙት ርካሹ ይበቃል፤ ብቻ ሲያልቅ ወዲያው አውጡት፤ አዲሱንም ከደከመው ጋር አትቀላቅሉ፤ አሮጌው አዲሱን ያደክመዋል፣ ራሱም ያለቅሳል። ለክፉ ቀን ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ለሚቀመጠው አልካላይን ይሻላል፤ እሱም ግን ከሬዲዮው ውጪ ይቀመጥ። ቤት ውስጥ መብራት ካላችሁና ብዙ ሰዓት የምትሰሙ ከሆነ ደግሞ ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልቱ ኒኬል ባትሪ በጊዜ ብዛት ዋጋውን ይመልሳል።

ድንጋይ መምረጥ ለእኛ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሌላው ሁሉ ዝም ባለ ጊዜ ማን እንደሚሰማ የሚወስን ነገር ነው።