ካላዛር መታወቂያ አይጠይቅም

በግንቦት 1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው የሚጨርሰው ትኩሳት ምንነት ታወቀ። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ሆድ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ።

ካላዛር በዚያ ደጋ እምብዛም አይታወቅም ነበር። አገሩ የመተማና የሁመራ ቆላ ነው። የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ከተስፋፋ ወዲህ የደጋው ወጣት በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ ይወርዳል። ከደብረ ታቦር ዙሪያ፣ ከጋይንት፣ ከእብናት፣ ከሊቦ የሚነሳው ሠራተኛ ሜዳ ላይ ያድራል፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም እዚያው ታገኘዋለች።

ይህ ሠራተኛ ሲታመም የሚጠብቀው ሌላ ጣጣ አለ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ታካሚው ወጪ እንዲጋራ፣ ጤና ተቋማትም የሰበሰቡትን ገንዘብ ለመድኃኒትና ለጥገና እንዲያውሉት መንገድ ከፈተ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ መድኃኒት የሌለው ጤና ጣቢያ ነጻ ቢሆን ለማንም አይጠቅምም። መክፈል ለማይችልም የነጻ ሕክምና ማስረጃ ተፈቀደ። ነገር ግን ድህነቱን የሚመሰክርለት የመኖሪያ ቀበሌው ነው። መተማ ላይ ያለ የጋይንት ልጅ እዚያ የሚያውቀው ቀበሌ የለውም። ስለዚህ ወይ የለፋበትን የቀን ገቢ ለካርድና ለምርመራ ያወጣል፣ ወይ በሽታውን ይዞ አገሩ ይገባል።

በሽታው ግን መታወቂያ አይጠይቅም። አጥኚዎች የሊቦ ከምከምን ወረርሽኝ መነሻ ሲፈልጉ በዋናነት የጠረጠሩት ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት መግባታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ቆላ ወርደው የማያውቁ ሴቶችና ሕፃናትም ታመሙ። በሽታው ወደ ፎገራ ተሻገረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰው ታመመ፤ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ወረርሽኙን ክፍያ ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም፤ ምርመራውም መድኃኒቱም ሩቅ ነበር። ርቀቱም ክፍያውም ግን ውጤታቸው አንድ ነው፦ በሽተኛውን ቤቱ ያስቀሩታል።

ነገሩን የለወጠው ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአዲስ ዘመን የከፈተው ነጻ ማከሚያ ነው። ካልታከመ የማይምረው ካላዛር፣ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ መርፌ ለተወጋው አብዛኛው ታካሚ የሚድን በሽታ ሆነ። ማንም የየት ቀበሌ ነህ ብሎ አልመለሰውም።

ያው ፎገራ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ሆነ። ገበሬው በዓመት አንዴ አዋጥቶ፣ በታመመ ጊዜ በሬ ሳይሸጥ እንዲታከም ያስቻለ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ካርዱ የሚሠራው ወረዳው ውል በያዘባቸው ተቋማት፣ በሪፈር ሰንሰለት ነው። ለአጨዳ የወረደው ልጅ ሲታመም መድኅኑ ፎገራ ነው፤ እሱ መተማ።

የውጭውም ዓለም ይህንን ፈተና ያውቀዋል። እንግሊዝ ከውጭ የሚመጡ ሰዎችን በሆስፒታል ስታስከፍል የሳንባ ነቀርሳን የመሳሰሉ ተላላፊ በሽታዎችን ከክፍያ ነጻ አድርጋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤችአይቪን ጨመረችበት። ምክንያቱ ቸርነት ብቻ አይደለም። ያልታከመው እንግዳ ባለአገሩንም ያስይዛል።

እኛም ዘንድ የካላዛር መድኃኒት በነጻ ይሰጣል። ነገር ግን ትኩሳት የያዘው ሰው ወባ ይሁን ካላዛር ሳይመረመር አያውቅም። ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለመጓጓዣ ሲጠየቅ ከበሩ ከተመለሰ፣ ነጻ መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ነጻነቱ መጀመር ያለበት ከመርፌው ሳይሆን ከምርመራው ነው፤ ቦታውም ሠራተኛው በሚውልበት እርሻ አጠገብ። የደጋው የመድኅን ካርድም ባለቤቱን ተከትሎ ቆላ መውረድ አለበት። ከሠራተኛው ጉልበት የሚያተርፈው ባለእርሻም ከወጪው ድርሻ ቢኖረው ፍትሕ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሊቦ ከምከም ታሪክ ግን በሽታን የሚደብቀው በሽተኛው ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል፤ የካርድ ክፍሉ መስኮትም ይደብቀዋል። ጥቂት ብር ለማትረፍ የተመለሰ አንድ ሠራተኛ ወረዳ ሙሉ በሽተኛ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል።