ያለ ድምፃዊ የተደመጠው ዋልያስ ባንድ፦ አባላቱ እነማን ነበሩ? ከየትስ ተነሡ?

በመተማ ዮሐንስና በገንዳ ውሃ ሻይ ቤቶች የአማርኛና የሱዳን ዜማዎች እየተፈራረቁ ይደመጣሉ። ዐረብኛ የማይሰማው አድማጭ በሱዳኑ ዘፈን ራሱን ሲነቀንቅ፣ አማርኛ የማያውቀው የገላባት ነጋዴም በአማርኛው ዜማ ሲደሰት ማየት አያስገርምም። የሁለቱም ሀገራት ሙዚቃ በአብዛኛው በአምስት ድምፆች ቅኝት ላይ የቆመ በመሆኑ ጆሮ ቃሉን ሳይጠብቅ ዜማውን ይለየዋል። ከብት ጠባቂው በዋሽንቱ ያለ አንዳች ቃል ትዝታን እንደሚያሰማው ሁሉ፣ ዜማ ብቻውን መልእክት ያደርሳል።

ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ገበያው የድምፃዊው ነበር። ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ ተቀናብረው የታተሙ አልበሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የዋልያስ ባንድ ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ የባንዱን አባላት ማንነት፣ የሙዚቃ መነሻቸውንና ሥራቸው ከመጥፋት የተረፈበትን መንገድ ይዳስሳል።

ስሙና አነሣሡ

ዋልያስ ስሙን የወሰደው በሰሜን ተራሮች ከሚኖረው ብርቅዬ የዱር እንስሳ ከዋልያ ነው። ባንዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ቀደም ሲል ቬነስ በተባለው የምሽት ክበብ አብረው ይጫወቱ ነበር። ኋላም የሂልተን ሆቴል ባንድ በመሆን ለዓመታት ዘልቋል።

ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሙዚቃ በዋናነት በመንግሥት ተቋማት እጅ ነበር። መነሻውም ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው፣ “አርባ ልጆች” በመባል የሚታወቁት አርመናውያን የነሐስ ሙዚቀኞች ናቸው። ከእነርሱ ጋር የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን አሠልጣኝ ሆነው አገልግለዋል። ቀጥሎም የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች እንዲሁም ቴአትር ቤቶች ብዙ ተጫዋቾችን አፈሩ። ዋልያስን የመሳሰሉ የሆቴልና የክበብ ባንዶች ከዚህ ሥርዓት ውጭ በራሳቸው የቆሙ ነበሩ።

ኃይሉ መርጊያ፦ ኦርጋን

ኃይሉ መርጊያ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1946 በደብረ ብርሃን ነው። በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ የሄዱ ሲሆን፣ ያደጉትም የኦሮሞ፣ የአማራና የትግርኛ ባህላዊ ዘፈኖችን እየሰሙ ነው። በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን መጫወትን በራሳቸው ተማሩ። በኋላ ወደ ኦርጋን ተሸጋግረው የዋልያስ ድምፅ መለያ ሆኑ። ከዋልያስ ጎን ለጎንም እ.ኤ.አ. በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር “ወደ ሐረር ጉዞ” የተሰኘውን የመሣሪያ ሙዚቃ ካሴት ሠርተዋል።

ግርማ በየነ፦ ፒያኖና ቅንብር

ግርማ በየነ ፒያኖ ተጫዋች፣ ድምፃዊ፣ ደራሲና አቀናባሪ ናቸው። ዋልያስን ከመቀላቀላቸው በፊት በአዲስ አበባ ባንዶች ውስጥ ያገለገሉ ሲሆን፣ በሸክላ ለታተሙ የበርካታ ድምፃውያን ዘፈኖች ቅንብር ሠርተዋል። ዋልያስን በዓለም ያስታወቀው “ሙዚቃዊ ስልት” የእርሳቸው ድርሰት ነው። ዜማው ለብዙዎች የኢትዮጵያ የመሣሪያ ሙዚቃ መለያ እስከመሆን የደረሰ ሲሆን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ባንዶችም ደጋግመው ተጫውተውታል።

ሙላቱ አስታጥቄ፦ ቫይብራፎን

ሙላቱ አስታጥቄ የዋልያስ ቋሚ አባል አልነበሩም። በአልበሙ ቀረጻ ላይ ግን በቫይብራፎን ተሳትፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ የተወለዱት ሙላቱ ወደ ብሪታንያ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ልባቸው ግን ወደ ሙዚቃ አደላ። በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም በአሜሪካ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ ተምረው ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ስልት ይዘው ተመለሱ። የባቲን፣ የአምባሰልን፣ የትዝታንና የአንቺሆዬን ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ሙዚቃ ጋር ማዋሐድ የሕይወታቸው ሥራ ሆኗል።

የሌሎቹ አባላት ድርሻ

ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ መላከ ገብሬ ቤዝ ጊታር፣ ማህሙድ አማን ሊድ ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ ደግሞ ድራም ይጫወቱ ነበር። ባንዱ ከአሜሪካ የነፍስና የፈንክ ሙዚቃ ብዙ ተምሯል። በተለይ የኪንግ ከርቲስ፣ የጁኒየር ዎከርና የማሲዮ ፓርከር የሳክስፎን አጨዋወት ተጽዕኖ ይታይበታል። መሠረቱ ግን የሀገር ቤት ቅኝት ነው፤ ዘፋኙ ሊይዘው የሚገባውን ቦታ ኦርጋኑና ሳክስፎኑ ተክተው ዜማውን ይመሩታል።

ድምፃዊ የሌለበት ባንድ ለሌላው ዓለም አዲስ አልነበረም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ጊታርን ፊት አውራሪ ያደረገው ሰርፍ ሮክ የተባለ ስልት ገንኖ ነበር። የስልቱ ፈር ቀዳጅ የሚባለው ዲክ ዴል እ.ኤ.አ. በ1962 ታዋቂ ያደረገው “ሚሲርሉ” ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጣ የቆየ ዜማ ነው። አሮጌውን የሕዝብ ዜማ በአዲስ መሣሪያ ማስጮህ ለካሊፎርኒያዎቹም ለአዲስ አበባዎቹም የጋራ መንገድ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

“ቼ በለው”

የዋልያስ የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም “ቼ በለው” የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ሪከርድስ አሳታሚነት ነው። “ቼ” ፈረስና በቅሎ የሚነዳ ሁሉ የሚያውቀው የማበረታቻ ቃል ነው፤ የአልበሙ ግልቢያ የመሰለ ምትም ከስሙ ጋር ይስማማል።

ወቅቱ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ሦስት ዓመት ገደማ ያስቆጠረበትና ከተሞች በሰዓት እላፊ ሥር የነበሩበት ነው። የሂልተን ታዳሚዎች ማታ ከገቡ እስከ ንጋት ከሆቴሉ መውጣት ስለማይችሉ ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ያልፍ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ቃል የሌለው ዜማ ለመርማሪ እርሳስ የሚሆን ስንኝ አልነበረውም። ረጅሙ ሌሊት የተጫዋቾቹን ቅንጅት እንዳጠነከረው በአልበሙ ይሰማል።

ጉዞና መለያየት

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ከማህሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ለኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንድ የመጀመሪያው ነበር። አድማጮቹ በአብዛኛው በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ በዚያው ሲቀሩ ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ለዓመታት አብሮ የሠራው ቡድን በዚህ ሁኔታ ለሁለት ተከፈለ።

በአሜሪካ የቀሩት ዙላ የተባለ ባንድ አቋቁመው ለጥቂት ጊዜ ቢጫወቱም ሙዚቃ ብቻውን እንጀራ አልሆነላቸውም። ግርማ በየነ በነዳጅ ማደያ ተቀጥረው ሠሩ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂ ሆኑ። በአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ግን ትንሿን ኪቦርዳቸውን ከመኪናቸው እያወጡ ይለማመዱ ነበር።

ከባሕር ዳር የተነሣው ካሴት

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የምት ማሽን ብቻቸውን ተጫውተው “ሸሞንሟናዬ” የተሰኘ ካሴት አሳትመው ነበር። ከዓመታት በኋላ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስበው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ይህን ካሴት ባሕር ዳር ከሚገኝ የሙዚቃ መደብር አገኘው። ባለቤቱን ፈልጎ፣ ተስማምቶም እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ አሳተመው። በቀጣዩ ዓመት “ቼ በለው”፣ በ2016 ደግሞ “ወደ ሐረር ጉዞ” እንደገና ለአድማጭ ቀረቡ።

ከዚያ ወዲህ ኃይሉ መርጊያ በልዩ ልዩ ሀገራት መድረኮች የተጫወቱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 “ላላ በሉ”፣ በ2020 ደግሞ “የኔ ምርጫ” የተሰኙ አዳዲስ አልበሞችን አበርክተዋል። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት ግርማ በየነም እ.ኤ.አ. በ2017 አካለ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አሳትመዋል።

በቆላ የሚገኙ ካሴቶችን ስለመጠበቅ

የኃይሉ መርጊያን ስም ዳግም ያስነሣው ቤተ መዛግብት ሳይሆን በአንድ መደብር መደርደሪያ ላይ የተረፈ ካሴት ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎችም የሠርግ፣ የአዝማሪና የድንበር ገበያ ዜማዎችን የያዙ አሮጌ ካሴቶች በየቤቱና በየሱቁ ይገኛሉ። የካሴት ጥብጣብ ግን ሙቀት፣ አቧራና እርጥበት ይጎዱታል።

ስለዚህ ካሴቶችን ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማራቅ፣ በሽፋናቸው ውስጥ አቁሞ ማስቀመጥ፣ ከድምፅ ማጉያ ማግኔት አጠገብ አለማኖር ይመከራል። ለረጅም ጊዜ ያልተጫወተ ካሴት ከመደመጡ በፊት ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ማጠንጠን፣ የማጫወቻውን ጭንቅላትም ማጽዳት ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ጥብጣቡ ሳይበጠስ ድምፁን ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ፣ የተጫዋቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን አብሮ መጻፍ ተገቢ ነው። ስሙ ያልተጻፈ ካሴት ከተገኘም በኋላ ባለቤቱን ማግኘት አዳጋች ይሆናል። ገበሬ ለዘር የለየውን ሰሊጥ ከምግቡ ለይቶ እንደሚያኖር ሁሉ፣ ይህም ለነገ ተብሎ ዛሬ የሚለይ ሀብት ነው።