አጸደ ሕፃናት በጉራጌ ከተሞች

በወልቂጤና በቡታጅራ ማለዳ ማለዳ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ የምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ወደ ግል ትምህርት ቤት የሚያዘግሙትን ሕፃናት የሚመለከት እንግዳ፣ ወላጅ ልጁን ለማስተማር ከኪሱ ማውጣቱ በዚህ አገር የትናንት ልማድ ይመስለው ይሆናል፤ ነገሩ ግን እጅግ የቀደመ ነው።

በምድረ ከብድ ወይም በምሑር ኢየሱስ ገዳም ጥላ ሥር ያደገው ልጅ ከየኔታ ዘንድ ሀሁን ቆጥሮ፣ አቡጊዳን አልፎ፣ ከመልእክተ ዮሐንስ ወደ ዳዊት ሲሸጋገር፣ የአብሬትን የሱፊ ማዕከል፣ ሐድራውን፣ በሚያከብረው ወገን የተወለደው ደግሞ በእንጨት ሉሕ ላይ የተጻፈለትን እያነበነበ ቁርአን ይቀራ ነበር፤ በሁለቱም ዘንድ መምህሩን የሚያኖረው መንግሥት የቆረጠለት ደመወዝ ሳይሆን የወላጆች እህልና ስጦታ ነበር። ትምህርቱ ፊደል መቁጠርና በቃል መያዝ፣ ሥርዐቱም ተግሣጽ ስለ ነበረ፣ ጨዋታ ከመምህሩ ፊት ስፍራ አልነበረውም። የጨዋታው ስፍራ ሌላ ነበር፤ እርሱም በጎጆዎቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው፣ ሣር የለበሰው ሰፊ ጎዳና፣ ጀፎሮ ነው። ሽማግሌ ለሸንጎ፣ ሙሽራ ለሠርግ የሚወጣበት ይህ ሜዳ ለሕፃናት ደግሞ ያለ መምህር የሚማሩበት አደባባይ ነበር።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን፣ የጉራጌ ልጅ ወደ ዋናው ከተማ የሚወጣው ይበልጡን ለሥራ ነበር፤ ሆኖም በመርካቶ ንግድ የጸናው ትውልድ፣ ሒሳብ መያዝና ደብዳቤ ማንበብ ለነጋዴ ምን እንደሚበጅ በገዛ ኑሮው ተረድቶ፣ በ1950ዎቹ በማኅበር ተሰብስቦ ገንዘብ እያዋጣ ወደ ትውልድ አገሩ መንገድ አስጠረገ፤ በዚያው የመዋጮ ልማድም ትምህርት ቤት አሠራ።

የአጸደ ሕፃናት ሐሳብ ግን የመጣው ከሌላ ስፍራ ነው፤ በጀርመን አገር ፍሪድሪኽ ፍሮቤል የተባለ መምህር፣ ሕፃናት በጨዋታ የሚማሩበትን ቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1840 «የሕፃናት አትክልት ስፍራ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ይኸው ስም በእኛ ዘንድ ከግእዝ በተወሰደ ቃል «አጸደ ሕፃናት» ተባለ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህን እርከን ቢደነግግም፣ ሥራው ለብዙ ጊዜ በአመዛኙ በግለሰቦች፣ በሃይማኖት ተቋማትና በማኅበራት ትከሻ ላይ ስለ ወደቀ፣ የከተማው ወላጅ እህል በማቅረብ ፈንታ ወርኃዊ ክፍያ መክፈል ጀመረ።

እንግዲህ ዛሬ ወላጅ ልጁን ከደጃፍ ተቀብሎ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ተጫወትክ?» ብሎ ሳይሆን «ምን አነበብክ?» ብሎ ከሆነ፣ የአጸዱ ስም የፍሮቤል፣ ግብሩ የየኔታ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚህም ወላጁ አይነቀፍም፤ ከአባቶቹ የወረሰውን ጠየቀ እንጂ። ነገር ግን አባቶቹ ከየኔታ ሌላ ጀፎሮ ነበራቸው፤ በከተማ ጠባብ ግቢ ውስጥ የተተከለው አጸድ የፊደል ቤቱን ሲወርስ ሣሩን ከመንደር ትቶት መጣ።