ኃይል የማን ነው?

ተለግታ በአየር ላይ የምትበር ኳስን ምን ወደፊት እንደሚገፋት የ9ኛ ክፍል ተማሪን ብትጠይቁት፣ «የለጋት ልጅ የሰጣት ኃይል» ማለቱ አይቀርም። በኒውተን ሕግ ግን ኳሷ ከእግር ከተለየች በኋላ ወደፊት የሚገፋት ምንም ነገር የለም። ወደ ታች የሚስባት መሬትና የሚጋፋት አየር ብቻ ቀርተዋል። ተማሪው አላጠናም ከማለት በፊት ግን ቃሉ ራሱ ምን እንዳስተማረው ማየት ይሻላል።

ግዕዙ ኀይል ብርታትም ሠራዊትም ነው። የዕብራይስጡ «ሐይል» እንዲሁ፤ በእስራኤል የአየር ኃይል «ሔይል ሀአቪር» ስለሚባል ከጎንደር ሄዶ እዚያ ለሚያገለግል ወጣት ቃሉ ባዕድ አይሆንበትም። ኃይል ከጥንትም ባለቤት አለው። ኃያል፣ ኃይለኛ፣ ኃይለ ሥላሴ፤ ሁሉም «የማን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አላቸው።

ጉልበት ደግሞ ከዚህም ይበልጥ የገላ ነው። የእግሩ መታጠፊያ በግዕዝ ብርክ ይባላል፤ ቃሉ ዛሬም «ተንበረከከ» እና «ብርክ ያዘው» ውስጥ አለ። አማርኛ ግን መታጠፊያውንና ብርታቱን በአንድ ቃል ጠራቸው። ሸክም ይዞ ዳገት የወጣ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ብርታት ሲያልቅ መጀመሪያ የሚከዳው እዚያ ነው። ችግሩም ከዚህ ይመጣል፦ ጉልበት የሚያዝና የሚያልቅ ነገር ከሆነ፣ ኳሷም የቆመችው ጉልበቷ ስላለቀ ነው። ኒውተን ቆመች የሚለው ሣርና አየር ስላስቆሟት ነው፤ ባይኖሩ ኖሮ አትቆምም ነበር።

ፎርስንና ኢነርጂን የማደባለቁን ጥፋት በአማርኛ ላይ ብቻ ማላከክ ግን ግፍ ነው። ፈላስፋው ላይብኒትዝ ግዝፈትን በፍጥነት ስኩዌር አባዝቶ ያገኘውን መጠን «ሕያው ኃይል» ይለው ነበር፤ ዛሬ የዚያ መጠን ግማሽ ካይኔቲክ ኢነርጂ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሄልምሆልትዝ በ1847 ስለ ኢነርጂ አለመጥፋት የጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ እንኳ በርዕሱ ላይ የሚጠራው በጀርመንኛ «ክራፍት»ን፣ ማለትም ኃይልን ነው። በእኛ ዘንድም የአየር ኃይልና የኤሌክትሪክ ኃይል አንድ ቃል ይጋራሉ። የፈረስ ጉልበት የምንለውም በፊዚክስ ሚዛን ሥራ ለጊዜ ሲካፈል ነው፤ 746 ዋት ገደማ። መኪና ሻጩን ይህ አያሳስበውም።

ስሞቹ እንዲህ ቢያሳስቱም ግሦቹን አምናቸዋለሁ። «ሳበ»ን ውሰዱ። ግዕዙ ሰሐበ ነው፤ ሐ ሲጠፋ አናባቢው ረዝሞ ሳበ ሆነ። ዐረብኛም ዕብራይስጥም ሐውን እንደያዙ ለመጎተት ይጠቀሙበታል። «ገፋ»ም ከግዕዙ ገፍዐ የመጣ ነው፤ የዚያ ትርጉም መበደል፣ ማስጨነቅ ነበርና ግፍም ግፉዕም የዚሁ ሥር ልጆች ናቸው። ስለዚህ ግፊትና ግፍ እህትማማች ናቸው ማለት ነው። ያለ ተገፊ ገፊ የለም፣ ያለ ተሳቢ ሳቢ የለም። ፊዚክስ ፎርስ የሚለው በትክክል ይህንን ነው፤ በሁለት አካላት መካከል የሚደረግ እንጂ አንዱ በጉያው ይዞት የሚዞር አይደለም። ተማሪው ኳሷ «ኃይል አላት» ከማለት ይልቅ «ማን ገፋት? ማን ሳባት?» ብሎ ቢጠይቅ ግማሹ መንገድ ያልቃል።

አማርኛ ለመንቀሳቀስ ያለው የግሥ ሀብት ደግሞ የሚያስቀና ነው። ተንቀሳቀሰ፣ ተንከባለለ፣ ተንሸራተተ፣ ተንገዳገደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተንደረደረ፣ ተንፏቀቀ፤ ያቺ «ን» በእነዚህ ሁሉ አለች። ብርሃንና ድምፅም ሲቀላቀሉባት ተንቦገቦገና ተንኮሻኮሸ ይመጣሉ።

ለፍሪክሽን የተሰጠው «ሰበቃ»ም ጥሩ ምርጫ ነበር። ጦር የሚሰበቅ፣ ወሬም የሚሰበቅ ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል ገብቶ የሚያፋትግ ሰባቂ ይባላል፤ እና በጎማና በአስፋልት መካከል ያለውን መፋተግ ሰበቃ ማለት ማንንም አያደናግርም። በ«ሽምጠጣ» ግን አልስማማም። ቃሉ ሽምጥ ከሚጋልብ ፈረስ ተወስዶ ለአክስለሬሽን ተሰጠ፤ ለመፍጠን ያማረ ቃል ነው። ፊዚክስ ግን ፍሬን መያዝንም፣ በቋሚ ፍጥነት አደባባይ መዞርንም አክስለሬሽን ይላቸዋል፤ ልጓሙን ስቦ ፈረሱን ያቆመ ጋላቢን «ሸመጠጠ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ አላጋጠመኝም።