እርቁ የተቆረጠበት ፊልም

ሁለት ልጆች ተዋደዱ፤ ቤተሰቦቻቸው ደመኞች ነበሩ፤ ልጆቹ ሞቱ። ሮሚዮና ጁልየትን በዚህ አጭር መንገድ ሊነግራችሁ የማይችል ሰው የለም። በአማርኛም ከበደ ሚካኤል ከተረጎሙት ብዙ አስርት ዓመታት አልፈዋል። ሁላችንም የምናውቀው ስለሚመስለን አብዛኞቻችን መጨረሻውን በትክክል አንጠይቅም። ልጆቹ ሞቱ። ከዚያስ? ደመኞቹ አባቶች ምን ሆኑ?

ዛሬ የማነሳው አውስትራሊያዊው ዳይሬክተር ባዝ ለርማን በ1996 ስለሠራው ፊልም ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ይህ ፊልም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ሁለት ነገሮችን ቀይሯል። አንደኛው ለውጥ አዲስ ይመስላል፣ ግን ከሼክስፒር ራሱ ይበልጣል በዕድሜ። ሁለተኛውን ብዙ ተመልካች ልብ አይለውም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን እሱ ነው።

መጀመሪያ ፊልሙን ላላያችሁት። ቬሮና በውስጡ የጣሊያን ጥንታዊ ከተማ አይደለችም፤ ቬሮና ቢች የምትባል ዘመናዊ የባሕር ዳር ከተማ ናት። የተቀረጸው ሜክሲኮ ውስጥ ነው። የጁልየት አባት መኖሪያ ሆኖ የሚታየው የሜክሲኮ ሲቲው የቻፑልቴፔክ ቤተ መንግሥት ነው። ሞንታግዮችና ካፑሌቶች የፎቅ ሕንፃ ያላቸው ባለሀብቶች ሲሆኑ ልጆቻቸው በመኪና ይዞራሉ፣ በሽጉጥ ይታኮሳሉ። ንግግሩ ግን የሼክስፒር የድሮ እንግሊዝኛ ነው፤ ተቆርጧል እንጂ አልዘመነም። ገጸ ባሕርያቱ «ሰይፍ» ሲሉ እንዳይገርመን ሽጉጦቹ ላይ የፋብሪካ ስም መስሎ «ሰይፍ» ተብሎ ተጽፏል። የተውኔቱን መግቢያ ግጥም የምታነበው ደግሞ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ናት።

ፊልሙ 14.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ140 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ በ1997 የበርሊን ፌስቲቫል ምርጥ ተዋናይ የተባለው በዚህ ሥራ ነው። እዚህ አገር ብዙዎቻችን ያወቅነው በታይታኒክ ነው፤ ታይታኒክ ግን ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ወደ መቃብሩ እንግባ።

በሼክስፒር ተውኔት ሮሚዮ የሞተች የመሰለችውን ጁልየትን አይቶ መርዙን ይጠጣና ይሞታል። ጁልየት የምትነቃው ከዚያ በኋላ ነው። አይተያዩም። በለርማን ፊልም ግን ሮሚዮ መርዙን ሲያነሳ ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፣ ዓይኗ ይገለጣል፤ እሱ አያይም። መርዙ ከንፈሩን ሲነካ እጇ ጉንጩን ይነካዋል። ያን ጊዜ ያያታል። በሕይወት እንዳለች አውቆ ይሞታል።

ፊልሙ በወጣ ጊዜ ይህን «ሆሊውድ ሼክስፒርን አበላሸ» ብለው የተቆጡ ነበሩ። ታሪኩን ስንመረምር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሼክስፒር ታሪኩን አልፈጠረውም። ሉዊጂ ዳ ፖርቶ የተባለ የቪቼንዛ ወታደር በ1530 ገደማ ጽፎት ነበር፤ ጠበኞቹን ቤተሰቦች ቬሮና ያስቀመጠው፣ ፍቅረኞቹን ሮሚዮና ጁልየት ያላቸውም እሱ ነው። በዳ ፖርቶ ጽሑፍ ጁልየት የምትነቃው ሮሚዮ ሳይሞት ነው፤ ተያይተው፣ ተነጋግረው ይለያያሉ። በ1554 ማቴዮ ባንዴሎ ታሪኩን እንደገና ሲጽፍ ያንኑ አስቀጠለ። ነገሩን የቀየረው በ1559 ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰው ፒየር ቧስቲዮ ነው፤ ሮሚዮን አስቀድሞ ገደለው። እንግሊዛዊው አርተር ብሩክ በ1562 ከፈረንሳይኛው ወስዶ በግጥም ጻፈው፤ ሼክስፒር ደግሞ ከብሩክ ወሰደ። ስለዚህ «እውነተኛው መጨረሻ» የምንለው የአንድ ተርጓሚ ውሳኔ ነው።

የእንግሊዝ መድረክም ቢሆን በዚያ አልረጋም። በ1679 ቶማስ ኦትዌይ ታሪኩን ወደ ጥንታዊቷ ሮም ወስዶ ሲያቀርበው ልጅቱን ቀድሞ አስነቃት። በ1748 ዝነኛው ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ የሼክስፒርን ተውኔት ሲያዘጋጅ ለሁለቱ የመሰነባበቻ ንግግር ጽፎ ጨመረበት። ሕዝቡ ወደደው። ለመቶ ዓመት ያህል የእንግሊዝ ተመልካች «የሼክስፒር» ብሎ ያለቀሰበት ትዕይንት የጋሪክ ነበር። አሜሪካዊቷ ሻርሎት ኩሽማን በ1845 ለንደን ላይ ራሷ ሮሚዮን፣ እህቷ ደግሞ ጁልየትን ሆነው ሲጫወቱ ነው ወደ ሼክስፒር ጽሑፍ የተመለሱት።

ስለዚህ ለርማን እዚህ ላይ አላበላሸም። ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር ውስጥ ገብቶ አንዱን ወገን መረጠ። እውነቱን ለመናገር፣ ያቺ አንዲት ደቂቃ ከሁሉም በላይ ታማለች።

ሁለተኛው ለውጥ ግን የምር ነው።

በተውኔቱ ሬሳዎቹ እንደተገኙ የከተማው ገዢ ሁለቱን አባቶች ይጠራል። «ጥላቻችሁ ያመጣውን እዩ» ብቻ ብሎ አያበቃም፤ ጠባችሁን አይቶ እንዳላየ በማለፌ እኔም ዘመዶቼን አጣሁ ብሎ ጥፋቱን ይናገራል። ከዚያ የጁልየት አባት ለሮሚዮ አባት «ወንድሜ» ብሎ እጁን ይዘረጋል። የሮሚዮ አባት ለጁልየት የወርቅ ሐውልት ላቆም ቃል ይገባል፤ ያኛውም ለሮሚዮ እንዲሁ። ደሙ እዚያ ላይ ይደርቃል።

በፊልሙ ይህ የለም። ሬሳዎቹ ወደ አምቡላንስ ይጫናሉ። ገዢው፣ እዚህ የፖሊስ አዛዥ ሆኗል፣ ሁላችንም ተቀጣን እያለ በአባቶቹ ላይ ይጮኻል። አባቶቹ ዝም። እጅ የዘረጋ የለም። ከዚያ ያቺው ዜና አንባቢ ትመጣለች፣ የመዝጊያውን ቃል ታነባለች፣ የቴሌቪዥኑ ምስል እየራቀ ይሄዳል፤ አለቀ።

ለዚህ ጥሩ መከራከሪያ አለ። የሼክስፒር እርቅ ራሱ ያጠራጥራል፤ ልጆቻቸው ሬሳ ላይ ቆመው ማን የበለጠ ወርቅ ያወጣል ብለው የሚፎካከሩ አባቶች ገና ያልተማሩ ይመስላሉ። ለርማን ደግሞ የሳለው ሐዘን እንኳ ዜና የሚሆንበትን ዓለም ነው። ቴሌቪዥን ሬሳውን ያሳያል፣ የእርቁን ማዕድ ለማሳየት ግን አይቆይም። በዚህ ዘመን ዜና የምንከታተል ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገንም። ስለ አንድ ግጭት ስንት ሰው እንደሞተ እንሰማለን፤ ማን ከማን ጋር ታረቀ፣ ማን ካሰ፣ የሚለው ብዙ ጊዜ አይደርሰንም።

ቢሆንም አልስማማም። ምክንያቴ ፊልሙ ውስጥ ያለ ነው። መግቢያው ግጥም የወላጆቹን ጠብ ሊያቆም የሚችለው የልጆቹ ሞት ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ይነግረናል። ለርማን ይህን መግቢያ አንዴ በዜና አንባቢዋ፣ ቀጥሎ በሌላ ድምፅ ደግሞ ያሰማናል። ጠቡ እንደሚቆም ቃል ተገባልን፤ ሲቆም ግን አላየንም። የተረፈን ሁለት ውብ ወጣቶች፣ ሻማና አበባ ነው። ታሪኩ የፍቅር ታሪክ ብቻ ሆነ።

ተውኔቱ ግን የፍቅር ታሪክ ብቻ አልነበረም። የሚከፈተው በፍቅረኞቹ አይደለም፤ በሁለቱ ቤቶች አሽከሮች የመንገድ ላይ ጠብ ነው። የሚዘጋውም በአባቶቹ እርቅ ነው። ፍቅሩ በሁለቱ መካከል ያለ ዋጋ ነው። የጠቡ ምክንያት ምን እንደነበር ሼክስፒር አንድም ቦታ አይነግረንም። አባቶቹም የሚያስታውሱት አይመስልም።

እኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ደም የተቃባ ቤተሰብ እንዲታረቅ ሽማግሌ ይገባል፣ ጉማ ይከፈላል፣ ገዳይ ወገን በአደባባይ ያጠፋውን ያምናል። እርቅ በልብ የሚታሰብ ስሜት አይደለም፤ ሰው እያየው የሚፈጸም ሥርዓት ነው። ካልታየ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። ሼክስፒርም ይህ የገባው ይመስለኛል፤ ለዚህ ነው አባቶቹን በሕዝብ ፊት እጅ ለእጅ ያጨባበጣቸው፣ ገዢውንም «እኔም አጥፍቻለሁ» ያሰኘው።

ፊልሙን እዩት፤ ደጋግማችሁ ብታዩትም አይቆጭም። ስታዩት ግን መቃብሩ ላይ አልቅሳችሁ አትውጡ። ቆዩና አባቶቹን ፈልጉ። ፊታቸውን ብቻ ታገኛላችሁ። የጎደለችው የአንድ ደቂቃ እርቅ ናት፤ ልጆቹ የሞቱት ደግሞ ለዚያች ደቂቃ ነበር።