አራዳ፤ ገበያው ሄደ፣ ስሙ ቀረ

‹‹አራዳ›› የሚለውን ቃል ሳይሰማ ውሎ የሚገባ አዲስ አበቤ ማግኘት ያስቸግራል። ጓደኛውን ከጭቅጭቅ በአንዲት ቀልድ ያወጣ ጎረምሳ ‹‹አራዳ ነህ›› ይባላል። ወረፋ ሳይዝ ፊት የተገኘም አራዳ ነው። እናት የልጇን ውሸት ስትደርስበት ‹‹በእኔ ላይ አራዳ ልትሆን ነው?›› ትላለች። ይኸው ቃል በመንግሥት ማኅተም ላይ ‹‹አራዳ ክፍለ ከተማ›› ተብሎ ተቀርጾ ይገኛል። ‹‹የአራዳ ልጅ›› ደግሞ የዘፈን ርእስ፣ የራፕ ማጣፈጫ፣ የቀልድ ገጸ ባሕርይ፣ የቪዲዮ መጠሪያ ሆኖ ካንድም ብዙ ጊዜ ወጥቷል። አድራሻም፣ ምስጋናም፣ ስድብም፣ የመድረክ ስምም ለመሆን የበቃ ሌላ የሰፈር ስም በከተማችን የለም። ጉለሌም፣ ልደታም፣ የካም ይህን ዕድል አላገኙም።

ለምን አራዳ ብቻ? መልሱን የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ከፒያሳ ይጀምራል። እኔ ግን ከመርካቶ፣ ያውም ከሸማ ተራ ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ።

አራዳ መጀመሪያ ነገር ገበያ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከተማዪቱ ሁለት እምብርት አበጀች። አንደኛው ግቢ ነው፤ ሹመትና ሽረት፣ ግብርና ፍርድ የሚገኝበት። ሁለተኛው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋው የአራዳ ገበያ ነው። (ስሙ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ጎንደርም አራዳ አላት፤ ወላይታ ሶዶም እንዲሁ።) ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአቅጣጫው የመጣው ሕዝብ እህሉን፣ ቅቤውን፣ ማሩን፣ ቡናውን፣ ፈረስና በቅሎውን ይዞ ይሰፍርበታል። ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ይመነዘራሉ። እያንዳንዱ ሸቀጥ የራሱ ስፍራ ነበረው፤ ማር ፈላጊ ቅቤ ሻጮች መሀል አይንከራተትም፤ ሸማም ቦታው የታወቀ ነው።

የገበያው ነገር የቀላል ሰው ሥራ አልነበረም። የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ከዚያው ከንግድ ሹመት ተነሥተው ነው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን የበቁት። ከጣልያን ወረራ በፊት የከተማዪቱ ጸጥታ አስከባሪ ‹‹የአራዳ ዘበኛ›› ይባል ነበር። ቃሉ ከሰፈሩ አጥር መዝለል የጀመረው ምናልባት እዚህ ላይ ነው። ሌባ የትም ይያዝ የት፣ የሚይዘው የአራዳ ዘበኛ ነበርና።

እንግዲህ ወደዚህ ገበያ ከገጠር የመጣን ሰውና ጧት ማታ እዚያው የሚውለውን ሰው ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ከሸማ የበለጠ ምሳሌ አላገኝም። ነጠላ የሚገዛ እንግዳ ሰው ጥለቱን ያያል፤ ቀለሙ ካማረው ኪሱን ይፈታል። ገበያ ያደገው ግን ጥለቱን ትቶ ነጩን ይይዛል። ወደ ብርሃን ያነሣውና ሽመናው የሳሳ መሆን አለመሆኑን ያያል። ድሩንና ማጉን በጣቶቹ መሀል ያሻል። ስፋቱን በክንዱ ይለካል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አፉ ሥራ አይፈታም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰርጉ፣ ስለ ሻጩ አገር ያወራል። ዋጋ ሲጠራበት አይደነግጥም፤ ይስቃል። ሻጩም ሰውዬውን እንደ ሸማው ነው የሚመረምረው፤ ጫማውን፣ አነጋገሩን፣ ችኮላውን ያነብባል። ሁለቱ እየተሳሳቁ ይዋጋሉ፤ ሲለያዩ ተመራርቀው ነው። አራዳነት ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ዕቃን ማወቅ፣ ሰውን ማወቅና ሁለቱንም ዕውቀት በጨዋታ ሸፍኖ መያዝ። በኋላ ቃሉ ከተሸከማቸው ትርጉሞች ውስጥ በዚህ ገበያ ያልበቀለ አንድም የለም፤ ብልጠቱም፣ ቀልዱም፣ ማታለሉም።

የአራዳ ሰው ከሌላው ቀድሞ አዲስ ነገር ያይ እንደነበርም አይረሳ። በዚያው አካባቢ የተከፈተውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ ‹‹ሰይጣን ቤት›› ሲል ሰየመው። ግድግዳ ላይ የሚራመድ ሰው ማየት ለአማኝ ከተማ ቀላል አልነበረም። ሆኖም ስሙን የሰጠው ያው ሕዝብ ተሰልፎ ይገባ ነበር። በሚያስፈራው ነገር ላይ የቀልድ ስም ለጥፎ መግባት፣ ይህም አንድ የአራዳ ጠባይ ነው።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ጦር ከተማዪቱን በቆዳ ቀለም ለመክፈል ፕላን አወጣ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የምኒልክን ሐውልት አንሥቶ ደበቀ፤ ገበያውን ደግሞ ወደ ምዕራብ ገፋው። አዲሱ ስፍራ ‹‹መርካቶ ኢንዲጄኖ›› ተባለ፤ የአገሬው ገበያ ማለት ነው። የቀድሞው ስፍራ ፒያሳ ሆነ። ልብ በሉ፤ ፒያሳ አደባባይ፣ መርካቶ ገበያ ከማለት በቀር ትርጉም የላቸውም። አንዱ ለነጩ፣ ሌላው ለጥቁሩ የተሰጡ ሁለት ደረቅ ስሞች ናቸው።

በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ሲወጣ ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ገበያው ግን አልተመለሰም። ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ደላላው፣ ሸማ ሻጩ መርካቶ ላይ ሥር ሰድዶ ነበር። በየሸቀጡ መደልደል የሚለው የአራዳ ልማድ አብሮት ተሻግሮ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ እያለ ተባዛ። ስም በጨዋታ ማውጣቱም አልቀረም፤ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ‹‹ምናለሽ ተራ›› የተባለው በደላላ ቢሮ ተጠንቶ አይመስለኝም። ስለዚህ የአራዳ ገበያ ወራሽ ማን ነው ቢባል፣ ሥራውን፣ ሥርዓቱንና አንደበቱን የወረሰው መርካቶ ነው። ያልወረሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን። ስሙ ኮረብታው ላይ ቀረ።

የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ገበያው ባይነሣ ኖሮ ‹‹አራዳ›› ዛሬም እንደ ‹‹መርካቶ›› የቦታ ስም ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ዕቃው ሲሄድበት ቃሉ ሥራ ፈታ፤ ሥራ የፈታ ቃል ደግሞ እንደ ሥራ ፈት ጎረምሳ ማታ ማታ መውጣት ይጀምራል።

ማታውም ሩቅ አልነበረም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገር ፍቅር ከነጻነት በኋላ በዚያው አካባቢ መድረኩን ዘርግቶ ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ልጅ ለማውጣት በቃ። ትንሽ ወረድ ሲባል ደግሞ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ውቤ በረሃ ነበር። በረሃ የተባለው አሸዋ ኖሮት አይደለም፤ የገባበት ቶሎ ስለማይወጣ ይመስላል። ማሲንቆው፣ ጠጁ፣ አኮርዲዮኑ፣ የቡና ቤቱ ዳንስ እዚያ ተቀላቀለ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ‹‹ሌቱም አይነጋልኝ››ን ያቆመው በዚያ ሌሊት ላይ ነው፤ መጽሐፉ በእጅ ጽሑፍ ሲዘዋወር ኖሮ ከብዙ ዘመን በኋላ መታተሙም ለሰፈሩ የሚገባ ታሪክ ነው። በዚህ ሌሊት ውስጥ ‹‹የአራዳ ልጅ›› ሸማ የሚመረምር መሆኑ ቀርቶ ሴት የሚያጫውት፣ ዳንስ የሚያውቅ፣ ጠብ የሚያበርድና አንዳንዴም የሚያስነሣ ሆነ። ተቃራኒውም ስም ወጣለት፤ ‹‹ፋራ››።

ቃሉ የራሱን ቋንቋ ደግሞ ወለደ። ‹‹የአራዳ ቋንቋ›› የሚባለው ከየትም የሚለቅም ነው። ከእንግሊዝኛው ‹‹ፋዘር››ና ‹‹ማዘር››ን ወሰደ። ከዐረብኛው ሽበትን ከሚመለከተው ቃል ‹‹ሼባ››ን፣ አዋቂ ከሚለው ደግሞ ‹‹አሪፍ››ን አገኘ። የገዛ አማርኛውንም አልማረ፤ ‹‹ነቃ››ን ቆርጦ ‹‹ነቄ›› አደረገው። ‹‹ጀለስ››፣ ‹‹ላሽ››፣ ‹‹ፈታ በል›› እያለ ቀጠለ። የቋንቋው ዓላማ የገበያው ዓላማ ነው፤ የሚያውቅ እንዲሰማ፣ የማያውቅ እንዳይሰማ። ሁለት ደላሎች በገዢ ፊት የሚነጋገሩበት ዘዴ፣ ሁለት ጎረምሶች በአባት ፊት የሚነጋገሩበት ሆነ። ትምህርት ቤቶች ይህን እንደ ነውር ቆጥረው ብዙ ገሥጸዋል። አለመጥፋቱን እናያለን።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. ካሴት በየሱቁና በየአውቶቡሱ ሲነግሥ ቃሉ የመዝናኛ ገበያ ገባ። ከገጠር መጥቶ አዲስ አበባ ላይ የሚደናገረውን ሰው መቀለጃ ያደረገ ስንት ቀልድ ተሸጠ! አራዳው ያታልለዋል፣ ሕዝቡ ይስቃል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አይቻለኝም፤ በዚያ ሣቅ ውስጥ ክፋት ነበረበት። የአዲስ አበባ ሰው ብዙው እናቱ ወይም አያቱ ከገጠር ናቸው፤ የሣቀው በራሱ አያት ነው። ከቀልደኞቹ ጎበዞቹ ይህን ያወቁት መጨረሻ ላይ ባላገሩን አስረቱ፤ አራዳው ራሱ ተሸወደ። በእነዚያ ቀልዶች የቃሉ ትርጉም መገልበጥ የጀመረ ይመስለኛል። ዛሬ ወጣቱን ብትጠይቁት ‹‹አራዳ ማለት ሰው የሚያከብር፣ ሰው የሚገባው ነው፤ የሚያጭበረብርማ ፋራ ነው›› ይላችኋል። አባቱ ሲሰሙ ይገረማሉ፤ በእሳቸው ዘመን አራዳ ለተባለ ሰው ገንዘብ አይበደርም ነበር።

ዘፋኞችና ራፐሮች የተቀበሉት ይህን የተገለበጠውን፣ የተወደደውን ትርጉም ነው። ‹‹የአራዳ ልጅ›› ብሎ ራሱን የጠራ ዘፋኝ ሰፈሩን መናገሩ አይደለም፤ ኮልፌም ተወለደ ሐዋሳ፣ ዋሽንግተንም ይደግ፣ ማዕረግ መውሰዱ ነው። ስሙ ከቦታው ሙሉ በሙሉ የተፋታው እዚህ ነው። መርካቶም በበኩሉ ዝም አላለም። ራፐሩ ቴዲ ዮ ጉራጌን ከሬጌቶን አጋጥሞ ‹‹ጉራጌቶን›› ሲል፣ ያ የነጋዴው ሰፈር ጨዋታ በራሱ ቃል መድረክ ላይ ወጣ። ቃሉን ስሰማ አንድ አሮጌ ዕዳ የተከፈለ መሰለኝ።

የሚያሳዝነኝ ግን በዘፈኑ ውስጥ ያለው የአራዳ ልጅ ምንም አለመግዛቱና አለመሸጡ ነው። ይለብሳል፣ ይራመዳል፣ ይወዳል፤ ሲሠራ አይታይም። ያን ስም በጀርባው የተሸከመው ኩሊ፣ ሌሊቱን ሲያዳውር ያደረው ሸማኔ፣ ከማለዳ ጀምሮ ‹‹ና አባቴ፣ ነይ እናቴ›› ሲል የዋለው ሻጭ ከግጥሙ ወጥተዋል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ለንደኖች ‹‹ኮክኒ›› የሚሉት ስም ድሮ ‹‹የአውራ ዶሮ ዕንቁላል›› እንደማለት ነበር፤ ባላገሩ በለስላሳው ከተሜ የሚቀልድበት። ቆየና የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ደወል እስከሚሰማበት ድረስ የተወለደ ሁሉ ኮክኒ ነው ተባለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕዝብ መዝናኛ አዳራሾች የጎዳና ቸርቻሪዎቹን ልብስና አነጋገር መድረክ ላይ አውጥተው ዘፈን አደረጉት። እዚያ ስድቡ ሰፈር ሆነ፤ እዚህ ሰፈሩ ስድብና ምስጋና ሆነ። ሁለቱም ዘንድ ግን ደወልና ገበያ አለ፤ በመጨረሻም ዘፋኝ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሁለቱም ስፍራዎች በተከታታይ ተናጉ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል የፒያሳ አካባቢ አሮጌ ቤቶች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ፈረሱ፤ ነዋሪው ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ተወሰደ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ላይ ሸማ ተራ በእሳት ተያያዘ። ሱቆቹ ተደራርበው መንገዱ ስለጠበበ እሳቱን መቆጣጠር ብዙ ሰዓት ፈጀ፤ የስንቱ ነጋዴ ሀብት አመድ ሆነ። አንዱ ቃሉን፣ ሌላው ገበያውን ያቆዩ ሁለት ስፍራዎች በስምንት ወር ውስጥ መልካቸውን አጡ።

ዘፈኑ ግን አልቆመም። ከፒያሳ ተነሥተው ዳር የሰፈሩት ሰዎች በአዲሱ መንደራቸው ‹‹ከየት መጣችሁ?›› ሲባሉ ‹‹እኛ የአራዳ ልጆች ነን›› ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ የቀበሌ መታወቂያም አላቸው። ጎረቤቱ ግን ሳቅ ማለቱ አይቀርም፤ ሰፈራቸውን ሲነግሩት ጉራ የነዙበት መስሎት።