የዲኤንኤ ሜቲሌሽንና የጂን መገለጥ ጥናት፤ የመመርመሪያ ዘዴዎች አመራረጥ

ሜቲሌሽን የሚባለው በዲኤንኤ ሰንሰለት ፊደላት በአንዳንዶቹ ላይ፣ እንደ ሳይቶሲንና አዴኒን ባሉት፣ ሜቲል የተባለች ትንሽ ቅንጣት ስታርፍ ነው። ፊደሉ አይለወጥም፤ ነገር ግን የዜማ ምልክት በግእዙ ቃል ራስ ላይ ተጽፎ ቃሉን ሳይነካ አዘማመሩን እንደሚወስን፣ ይህችም ቅንጣት ጂኑ ይነበብ ወይም ዝም ይል ዘንድ ታግዛለች። የጂን መገለጥ ደግሞ ጂኑ በእርግጥ ተነብቦ ወደ አርኤንኤ መገልበጡ ነው። ምልክቱ በጂኑ መነሻ ሲበዛ ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል፤ በጂኑ አካል ውስጥ ሲገኝ ግን ከመነበብ ጋራ አብሮ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስለ ጥንተ ነገሩ

ይህን ምልክት አስቀድሞ ያገኘው ማን እንደ ሆነ የሊቃውንቱ ቃል አንድ አይደለም። በ1925 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጆንሰንና ኮግሂል የተባሉ ኬሚስቶች ሜቲል ያረፈበትን ሳይቶሲን በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ (ባሲል) ውስጥ አገኘን ብለው ጽፈው ነበር። ነገር ግን ኬሚስቱ ቻርጋፍና ባልንጀሮቹ በ1949 የአእዋፍ ነቀርሳ ባሲልን በተሻለ ዘዴ መርምረው ምልክቱን ስላጡት፣ ብዙዎች ክብሩን ለሮሊን ሆችኪስ ይሰጣሉ፤ እርሱም በ1948 ይህንኑ በጥጃ ታይመስ እጢ ውስጥ በወረቀት ክሮማቶግራፊ ለይቶ ያየ ነው። ኋላ በተደረጉ ጥናቶች በባሲሉ ዘንድ ጎልቶ የተገኘው በሳይቶሲን ላይ ሳይሆን በአዴኒን ላይ የሚያርፈው ምልክት ስለ ሆነ፣ የ1925ቱን ቃል እንደ ጸና ግኝት መቀበል የሚያስደፍር አይመስልም። ምልክቱ የጂንን ሥራ ይገዛል የሚለው አሳብ በ1975 በሪግስ፣ እንዲሁም በሆሊዴይና በፑ፣ በየፊናቸው ቀረበ።

ስለ ዘዴዎቹ

የዘዴ ምርጫ ከዚሁ ክርክር ይነሣል። በ1992 በአውስትራሊያ የተገለጸው የባይሰልፋይት ዘዴ ምልክት የሌለበትን ሳይቶሲን ወደ ዩራሲል ይለውጥና ምልክት ያለበትን እንዳለ ይተወዋል፤ ስለዚህ ለሰው ዲኤንኤ እጅግ የሚረዳ ሲሆን በአዴኒን ላይ ያለውን ምልክት ግን አያይም። የነቀርሳን ባሲል የሚያጠና ሰው ይህን ዘዴ ቢይዝ ባዶ እጁን ሊመለስ ስለሚችል፣ እንደ ናኖፖር ያሉ ረጅም ሰንሰለት በቀጥታ የሚያነቡ መሣሪያዎችን መሻት ይገባዋል።

የሰው ጂኖም 28 ሚሊዮን ገደማ የሲፒጂ ቦታዎች፣ ማለትም ሳይቶሲን ጓኒንን የሚቀድምባቸው ስፍራዎች፣ አሉት። ብዙ ቦታዎችን በአንድነት የሚመረምሩ ለገበያ የቀረቡ ሰሌዳዎች ከ27,000 ጀምረው ወደ 450,000፣ ከዚያም ወደ 850,000ና ከዚያ በላይ ቢያድጉም የሚያዩት ከዚህ ጥቂቱን ነው። ሰሌዳው በአውሮፓውያን ላይ ተፈትኖ በአፍሪቃውያን ሲሠራበት ደግሞ፣ በመፈተሻው ሥር የተሰወረ የፊደል ልዩነት እንደ ሜቲሌሽን ልዩነት ሊቈጠር ስለሚችል፣ እንዲህ ያሉትን ቦታዎች አስቀድሞ ማጥራት የግድ ነው።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ አየር ጤና ከተባለው ሰፈር ብዙ ሳይርቅ በዘነበወርቅ በአለርት ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የሚገኘውና በ1970 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ ከኔዘርላንድስ የላይደን ሊቃውንት ጋራ በመተባበር፣ የነቀርሳና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ደም ሲመረምር የመረጠው ዘዴ አርኤንኤውን ሁሉ የሚያነበውን ሳይሆን፣ አስቀድሞ የተመረጡ ጂኖችን በአንድነት የሚለካውን አርቲ ኤምኤልፒኤ የተባለውን ነው። ይህን እንደ ድህነት ምርጫ የሚያዩ አይጠፉም፤ ፍርዱ ግን የተገባ አይደለም። ጥያቄው «ሕመምተኛው ለመድኃኒት ይታዘዛልን?» የሚል ሲሆንና ብዙ ሰዎችን ደጋግሞ መለካት ሲያሻ፣ ጥቂት ጂኖችን በርካሽ ዋጋ መለካት እጅግ ብዙ ጂኖችን በጥቂት ሰዎች ላይ ከመቍጠር ይበልጣልና።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት በከፍታና በዝቅተኛ ስፍራ የሚኖሩ የአማራና የኦሮሞ ተወላጆችን አነጻጽሮ ነበር። የሜቲሌሽን ልዩነት በጉልህ የታየው በኦሮሞዎቹ ዘንድ ነው። ከዚህም ጥንቃቄ ይወለዳል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፣ የአየር ጤናን ሕመምተኛ በባሕር ዳርቻ አገር ካለ ጤነኛ ጋራ የሚያነጻጽር ሰው፣ በሽታውን ለካሁ ሲል ከፍታውን ለክቶ ሊገኝ ይችላል። በውጭ አገር ከሚሠሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ፋሲል ተኮላ አየለ በእንግዴ ልጅ ሜቲሌሽንና በሕፃናት የልደት ክብደት ላይ ያደረገው ምርምር፣ ምልክቱንና የጂኑን መገለጥ አብሮ በመመልከቱ ይጠቀሳል።

ስለ ስሌት

የሜቲሌሽን መጠን ከ0 እስከ 1 በሆነው በቤታ ሲነገር ለአንባቢ ቀላል ነው፤ ለስሌት ግን፣ በተለይ በሁለቱ ጫፎች፣ ኤም የተባለው የሎጋሪዝም መለኪያ ይሻላል ይባላል። የአርኤንኤ ንባብ ቍጥር ስለ ሆነ ኔጌቲቭ ባይኖሚያል የተባለውን ሥርጭት የሚከተሉ ቀመሮች ይስማሙታል። ደም የብዙ ሕዋሳት ድብልቅ ነውና የየዐይነታቸው ድርሻ ካልተገመተ፣ የሕዋሳት መብዛትና ማነስ የሜቲሌሽን ለውጥ መስሎ ይታያል። የከፍታው ሰዎች ናሙና ሁሉ በአንድ ቀን፣ የቆላዎቹም በሌላ ቀን ከተመረመረ ደግሞ፣ ቀኑን ከከፍታው የሚለይ ቀመር አይገኝም።

ስለ ነጠላ ሕዋስ

እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው የሚያነቡ ዘዴዎች የድብልቁን ችግር ያቃልላሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው።